ከበሩ የሚነበብ ማር

ተረፋ፦ ትንሿ ትቅርብዎት ጋሼ መሸሻ። ትንሿማ ጥርስ መንቀያ ነው የምትመስለው።

መሸሻ፦ አንተ ደግሞ ምን ታውቅና ነው? ጥርስ መንቀያ ላይ ፊደል ተጽፎ አይተህ ታውቃለህ?

ተረፋ፦ እኔን ሲነቅሉኝ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ተጽፎም ከሆነ አላየሁትም።

[ባለሱቁ ታፋ ፊቱን ወደ ጨርቁ መደርደሪያ አዙሮ ይስቃል። በባንኮኒው ላይ አንድ ትንሽና አንድ ትልቅ የስም ማተሚያ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።]

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ከአዲስ አበባ ነቀምቴ የሚመጣው አውቶቡስ፣ ክረምት ከገባ፣ መንገደኛውን አውርዶ በጭቃ የሚያስገፋበት ጊዜ ነበር። ያ አውቶቡስ በዚያ ሰሞን ለታፋ ሱቅ ከጨርቅና ከሳሙና ጋር እነዚህን ሁለት ዕቃዎች አመጣ። በእጅ የሚጨበጡ ናቸው፤ በላያቸው ላይ ፊደል የተደረደረበት ክብ ሰሌዳ አለ። ክቡን አዙረው የፈለጉትን ፊደል ከፊት ካመጡ በኋላ እጀታውን ጭምቅ ሲያደርጉት፣ ቀይ ጥብጣብ ላይ ነጭ ፊደል ጉብ ይላል። ጥብጣቡ ከጀርባው ሙጫ ስላለው የትም ይለጠፋል። የትንሿ ጥብጣብ እንደ ጫማ ክር የቀጠነ ነው፤ የትልቁ የአውራ ጣት ስፋት አለው።

አቶ መሸሻ የሸዋ ሰው ናቸው። ወጣት ሆነው በቴሌግራፍ ሥራ ወለጋ መጡ፣ እዚያው ነቀምቴ ባኬ ጃማ የሚባል ሰፈር ቤት ሠሩ፣ ጡረታም እዚያው አገኛቸው። የማያውቁት ነገር አለ ብለው አያምኑም። ተረፋ የአጥር ጎረቤታቸው ነው፤ ለገበያተኛ በቅሎ ያከራያል። ሰፈሩ «ተረፋ ነገር ቶሎ አይገባውም» ይለዋል፤ እሱም ሰፈሩን ተከራክሮ አያውቅም።

አቶ መሸሻን ከሱቅ ያደረሳቸው ጨው ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ምንትዋብ ልጃቸውን ለማረስ ጊምቢ ከሄዱ ሰነበቱ። የወይዘሮ ምንትዋብ ጓዳ በመልክ አንድ ዓይነት በሆኑ ክዳናም የዘይት ጣሳዎች የተሞላ ነው። በየትኛው ጣሳ ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ባለፈው እሑድ የነፍስ አባታቸው ሊጠይቋቸው ሲመጡ አቶ መሸሻ ሻይ አፍልተው፣ ስኳር ነው ብለው አራት ማንኪያ ጨው ጨመሩበት። ቄሱ እንደ ንስሐ ቆጥረውት መሰለኝ፣ ጭልጥ አድርገው ጠጥተው ወጡ። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ አላለፉም።

የባሰው ደግሞ ማሩ ነው። ወይዘሮ ምንትዋብ አውቶቡስ ላይ እግራቸውን ካሳረፉ በኋላ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማሩን አደራ ነው ያሉት። ነጭ ማር ነው፣ ለልጅ ልጃቸው ክርስትና ጠጅ የሚጣልበት። በነቀምቴ እንዲያ ያለ ማር በዚያ ዓመት ሌላ አልተገኘም። አቶ መሸሻ ደግሞ ማሩ የትኛው ጣሳ ውስጥ እንዳለ እንኳ አያውቁም። ባለቤታቸው የሚመለሱት ነገ ነው።

ተረፋ፦ እኔ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ጨው፣ ጨው መሆኑን ራሱ አያውቅም?

መሸሻ፦ ጨው ምን ያውቃል?

ተረፋ፦ አዴ ምንትዋብስ?

መሸሻ፦ እሷማ ታውቃለች።

ተረፋ፦ ታዲያ ስሙ የሚለጠፈው ለማን ነው?

መሸሻ፦ ለሥርዓት ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስትሄድ በየበሩ ላይ ስም ተለጥፎ አላየህም?

ተረፋ፦ አይቻለሁ። ስሙ ሁልጊዜ አለ። ሰውየው ነው የማይኖረው።

መሸሻ፦ ባይኖርም ማን እንደሌለ ታውቃለህ።

ተረፋ፦ ዱጋ። እሱስ እውነት ነው።

ከዚያ ተረፋ ሌላ ሐሳብ ገባው። ስም ከተለጠፈማ ጎረቤት ሁሉ መጥቶ ጓዳውን እንደ ጋዜጣ ሊያነብበው አይደለም ወይ ሲል ጠየቀ። አቶ መሸሻ ይህን ጥያቄ ሲጠብቁት ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ወለወሉት፤ እንዲህ ሲያደርጉ ትምህርት ሊሰጡ ነው ማለት ነው።

መሸሻ፦ ክቡን ተመልከተው። ይህ የእኛ ፊደል ነው?

ተረፋ፦ እኔ ምኑን አውቄ።

መሸሻ፦ የፈረንጅ ፊደል ነው። እኔ በቴሌግራፍ ዕድሜዬን የፈጀሁበት። ከዚህ እስከ ጉቴ ብትሄድ ከእኔ፣ ከሚሲዮኑ ሐኪምና ከዚህ ከታፋ በቀር የሚያነብበው አታገኝም። ቁልፍ ነው ብለህ ቁጠረው።

ተረፋ፦ ቁልፍ ሆኖ እላዩ ላይ የሚንጠለጠል?

መሸሻ፦ መክፈቻው እዚህ ነው ያለው። [ግንባራቸውን በጣታቸው ይመታሉ።]

ታፋ በትንሿ የራሱን ስም አትሞ አሳያቸው፤ በትልቁም አተመ። የአቶ መሸሻ ልብ ወደ ትንሿ ሄዷል። ቀጭን ናት፣ ኪስ ትገባለች፣ ጥብጣቧም አይባክንም። ተረፋ ግን እንደ ልማዱ ሳይሆን ሙጭጭ አለ። የትንሿ ፊደል የጉንዳን እግር ያህላል፣ ጋሼ ማታ ማታ ፋኖስ ይዘው በየጣሳው ላይ ሊደፉ ነው፣ ፂማቸው እንኳ ሊቃጠል ይችላል አለ። አቶ መሸሻ ዓይናቸው ገና የወጣት እንደሆነ ነገሩት።

ተረፋ፦ ይሁና። ከየት ሆነው ነው ታዲያ የሚያነብቡት?

መሸሻ፦ ከፈለግሁ ከበሩ ሆኜ።

ተረፋ፦ ከበሩ?

መሸሻ፦ ከበሩ ነው ያልኩህ።

[መሸሻ ከባንኮኒው ወደ ኋላ እየተራመዱ ከሱቁ ደጃፍ ይቆማሉ። ተረፋም ተከትሎ ከጎናቸው ይቆማል። ታፋ ሁለቱን ጥብጣቦች ከፍ አድርጎ ይይዛል።]

ትንሹን ጥብጣብ አቶ መሸሻ ሊያነብቡት አልቻሉም። ጥፋቱን በፀሐዩ አመካኙ፣ ፀሐዩ ዞር ሲል በሚያልፉት አህዮች አቧራ አመካኙ። ትልቁን ግን «ታፋ» ብለው ጮክ ብለው አነበቡት። ተረፋም አፉን ከፍቶ ለረጅም ጊዜ ትኩር ብሎ አየ።

መሸሻ፦ አንተስ ምን ታየህ?

ተረፋ፦ ቀይ ነገር።

መሸሻ፦ [በኀዘኔታ] አይዞህ። እንግዲህ ታፋ፣ ትልቁን ጠቅልልልኝ። እኔ ከመጀመሪያም ያልኩት ትልቁን ነው።

ቤት እንደደረሱ ሥራው ተጀመረ። ተረፋ ክዳን ይከፍታል፣ አቶ መሸሻ ጣታቸውን ነክረው ይቀምሳሉ፣ ከዚያ ክቡን እያዞሩ ይጨምቃሉ። ሚጥሚጣው ጋ ሲደርሱ ሥራው ጥቂት ቆመ፣ እንባቸው እስኪደርቅ። ከዚያ ጨው ስሙን አገኘ፤ ስኳርም ከጨው ርቆ ተቀመጠ። ከጣሳ አልፈው ወደ ጠርሙስ ተሻገሩ።

ተረፋ፦ ይሄስ ምንድን ነው?

መሸሻ፦ ጠበል ነው። በክብር ያዘው።

ተረፋ፦ ከምንጩ ውኃ በምን ይለያል?

መሸሻ፦ አሁን በስሙ ይለያል።

ተረፋ፦ እንግዲያው ጠርሙሱን ሁሉ ጠበል ብለው ይጻፉበት። እስከ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ይቀርልዎታል።

መሸሻ፦ አንተ የሚሲዮን ቤተ ክርስቲያን ሰው፣ ጠበል ምኑ ይገባሃል? ዝም ብለህ ክዳኑን ክፈት።

[ተረፋ ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከግራ ሁለተኛውን ጣሳ አውርዶ ይከፍታል። ምራቁን ይውጣል።]

መሸሻ፦ ምንድን ነው?

ተረፋ፦ እኔ ምኑን አውቄ ጋሼ። እኔ በዚህ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

መሸሻ፦ [ይቀምሳሉ፤ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።] ማሩ ነው። ተመስገን። ይኸው፣ አንድ ጠብታ አልጎደለም። ና፣ ለዚህ እንኳ ረዘም ያለ ጥብጣብ እንሰጠዋለን።

«ማር» ብለው በቀዩ ላይ በነጭ አትመው ለጠፉበት፤ ተረፋ ወደ በሩ ተመልሶ፣ ጥብጣቡ ጠመም ያለ ስለመሰለው፣ ጥቂት ወደ ቀኝ እንዲያቀኑት ነገራቸው። አቶ መሸሻ እንዲህ ያለ ታታሪ ረዳት አግኝቼ አላውቅም እያሉ አቀኑት።

በመጨረሻ አንድ ጣሳ ቀረ። ከፊት፣ ከበሩ ዘንድ፣ እጅ በሚደርስበት ቦታ የተቀመጠ ነው። የክዳኑ ጠርዝ ከመከፈት ብዛት እንደ ብር ያበራል። ከፍተው አዩት፣ ገልብጠው አራገፉት፤ ባዶ ነው።

መሸሻ፦ የሴት ነገር። ባዶ ጣሳ ከፊት አስቀምጣ ማሩን ከኋላ ትሰቅላለች። አውጥተህ ጣለው።

ተረፋ፦ አይጣል። ምስኪን ብዙ አገልግሏል። ስሙ ይጻፍለት።

መሸሻ፦ ባዶ ምን ስም አለው?

ተረፋ፦ እርስዎ ነዎት የተማሩት።

አቶ መሸሻ አሰቡበት፤ ትክክል ሆኖ አገኙት። ሥርዓት ከተባለ ለሁሉም ነው። ክቡን አዙረው «ባዶ» ብለው አተሙለትና ከቦታው መለሱት። ያን ሌሊት በልባቸው የባለቤታቸውን ምስጋና እየሰሙ ተኙ።

በማግሥቱ ወይዘሮ ምንትዋብ ከጊምቢ ገቡ። ነጠላቸውን ሳያወልቁ ወደ ጓዳ ብቅ አሉ፤ ባሉበትም ቀሩ።

ምንትዋብ፦ ቤቴን ምን ነካው? ኩፍኝ ይዞታል?

አቶ መሸሻ ነገሩን ከመነሻው ጀመሩት፤ ከአራቱ ማንኪያ ጨው ግን ዘለሉ። ስለ ሥርዓት፣ ስለ ፈረንጅ ፊደል፣ ግንባር ውስጥ ስለሚቀመጥ ቁልፍ ብዙ ተናገሩ። ወይዘሮ ምንትዋብ ማሩ አለመጉደሉን በጣታቸው ካረጋገጡ በኋላ፣ ለቀረው ነገር ድካማቸው እስኪወጣ ዝም ለማለት የወሰኑ መሰሉ። በዚህ መካከል ተረፋ ጎድጓዳ ሳህን ይዞ ከበሩ ቆመ። «አካም ጂርቱ አዴ ምንትዋብ» ብሎ ሰላምታ አቀረበ፣ እንኳን ማርያም ልጅዎን ማረችልዎ አለ፣ አራስዋን ጠየቀ፣ ሕፃኑን ጠየቀ። ከዚያ ሁለት ጊዜ ሳለ። ሳሉ ሌሊት እንደማያስተኛው፣ መድኃኒቱም ትንሽ ማር እንደሆነ ተናገረ።

በባኬ ጃማ ለጎረቤት «አልሰጥም» አይባልም። ነውር ነው። ስለዚህ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ከጓዳዋ ፊት አንድ ባዶ ጣሳ ታስቀምጣለች። ቅቤም ይሁን ማር ወይም ስኳር ሲጠየቅ፣ ያው ጣሳ ተከፍቶ ለጠያቂው ይታያል፤ ጠያቂውም አዝኖ፣ አስተናጋጇም አዝና፣ በሰላም ይለያያሉ። አቶ መሸሻ ይህን ሁሉ ዘመን በዚያ ቤት ሲኖሩ አላዩትም። ወይዘሮ ምንትዋብ እጃቸው እንደለመደው ወደ ፊተኛው ጣሳ ሄደ።

ምንትዋብ፦ [ክዳኑን ከፍተው፣ ጣሳውን ወደ ተረፋ አዘንብለው] ምነው ጊምቢ ሳልሄድ በመጣህ ወንድሜ። አየህ፣ ደርቋል።

ተረፋ፦ እሱማ አዴ ምንትዋብ፣ «ባዶ» ነው የሚለው። «ማር» የሚለው ከላይ፣ ከግራ ሁለተኛው ነው።

[የጣሳው ክዳን ከወይዘሮ ምንትዋብ እጅ ወድቆ ይንከባለላል።]

መሸሻ፦ አንተ ታነባለህ?

ተረፋ፦ የሚሲዮኑን በቅሎ ስጠብቅ የመድኃኒቱን ሣጥን የማራግፈው እኔ ነበርኩ ጋሼ። ስሙን ሳላነብብ ባራግፍ ኖሮ ስንቱ ሰው በሆድ ሕመሙ የዓይን መድኃኒት ይጠጣ ነበር።

መሸሻ፦ ታዲያ ሱቅ ውስጥ ቀይ ነገር ነው የታየኝ አላልክም?

ተረፋ፦ ቀይ አልነበረም እንዴ? [ወደ ባዶው ጣሳ እያየ] የዚያን ጣሳ ወለል ከራሴ ቤት ወለል ይልቅ አውቀዋለሁ። ስንት ዘመን ነው ያየሁት።

ስሙ በደጅ የተጠራ ማር አይካድም። ወይዘሮ ምንትዋብ ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከግራ ሁለተኛውን አውርደው የተረፋን ሳህን ሞሉለት፤ ሳህኑ ለሳል መድኃኒት የሚሆን ሳይሆን፣ ሠርግ የሚያስተናግድ ዓይነት ነበር። ጣሳውን ወዝወዝ ሲያደርጉት የቀረው ማር ከሥር ጥቂት ድምፅ ሰጠ። የልጅ ልጅህ ክርስትና እንግዲህ በጠጅ ሳይሆን በብርዝ ነው ብለው ለባለቤታቸው ነገሯቸው፤ ድምፃቸው ዝግ ያለ ነበር፣ አቶ መሸሻን ያስፈራቸውም እሱ ነው።

ከዚያ ወደ ፊተኛው ጣሳ ተመለሱ። ሰፊውን ቀይ ጥብጣብ በጥፍራቸው ከጠርዙ ፈልቅቀው ቀስ ብለው ላጡት። መክፈቻው ያለበት ቦታ የትኛው ነው ያልከኝ ብለው ጠየቁ፤ መልስ ግን አልጠበቁም። ጥብጣቡን ከአቶ መሸሻ ግንባር መሐል ላይ ለጥፈው፣ በአውራ ጣታቸው አጥብቀው፣ ነጠላቸውን ሊያወልቁ ወደ እልፍኝ ገቡ።

መሸሻ፦ [ዓይናቸውን ወደ ላይ አንጋጠው] ተረፋ፣ ምንድን ነው የለጠፈችብኝ? ምን ይላል?

ተረፋ፦ [ሳህኑን በሁለት እጁ ይዞ፣ ከበሩ ላይ ዞር ብሎ እያየ] እኔ ምኑን አውቄ ጋሼ። የፈረንጅ ፊደል አይደል?