በዳንግላ ኮርኒስ ውስጥ የፈለግኩት ኔትዎርክ

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ በአገራችን ሥልጠና ከሚገባ ሰው ግማሹ የሚሠለጥነው አንገቱ ነው። አሠልጣኙ «ገባችሁ?» ይላል፤ አዳራሽ ሙሉ አንገት ወደ ላይ ወደ ታች ይላል። ያልገባው ሰው ደግሞ ከገባው ይልቅ አጥብቆ ይነቀንቃል። ይህን የምለው ሌላ ሰው ታዝቤ እንዳይመስላችሁ። ባለፈው ዓመት ባሕር ዳር አምስት ቀን ሙሉ ስነቀንቅ ሰንብቼ፣ አንድ የምስክር ወረቀትና አንድ የአንገት ሕመም ይዤ ወደ እንጅባራ የተመለስኩት እኔው ነኝ።

የሥልጠናው ርዕስ «ኔትዎርክ ቨርቹዋላይዜሽን» ይባል ነበር። ስሙን ሳልሰናከል ለመጥራት ብቻ የመጀመሪያው ቀን አለቀብኝ።

እንግዲህ እኔ እንጅባራ ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ የኔትዎርክ ባለሙያ ነኝ። ባለሙያ ስላችሁ ብዙ እንዳትጠብቁ። ፕሪንተር እምቢ ሲል የምጠራ፣ የዲኑ ስልክ በፎቶ ሲሞላ የማራግፍ፣ መምህር ሲጎድል ደግሞ ክፍል የምገባ ሰው ነኝ። ኮሌጃችን ዳንግላ ላይ ቅርንጫፍ አለው። የሁለቱም ከተማ ተማሪዎች ማስረጃ የሚቀመጠው ግን እንጅባራ፣ ሰርቨር በምንለው ኮምፒውተር ውስጥ ነው።

አሠልጣኛችን ቤተልሔም የምትባል ረጋ ያለች ወጣት ነበረች። እሷ እንዳለችው፣ ድሮ ሒሳብ ክፍልና መዝገብ ቤት አንዱ የሌላውን እንዳያይ ከተፈለገ ለየብቻ ሽቦ መዘርጋት፣ ለየብቻ ዕቃ መግዛት ግድ ነበር። ትልልቆቹ የመረጃ ማዕከሎች፣ ክላውድ የሚባለውን አገልግሎት የሚሸጡትም ጭምር፣ ይህን ከተዉት ቆዩ። ሽቦው አንድ ነው። በዚያው በአንዱ ሽቦ ላይ ሶፍትዌሩ የተፈለገውን ያህል ኔትዎርክ ይፈጥራል፤ እያንዳንዱም ብቻውን ያለ ይመስለዋል። ማን ከማን ጋር ይገናኝ፣ ማን አይገናኝ የሚለው ሶፍትዌሩ ላይ በሚጻፍ ትእዛዝ ይወሰናል። አሁን ሳወራላችሁ እንዴት ቀላል ነው... ያኔ ግን እሷ «ገባችሁ?» ስትል እኔ እየነቀነቅኩ የማስበው ምሳው ዓሣ ይሆን ሽሮ የሚለውን ነበር።

ተመልሼ ስመጣ ዲናችን የምስክር ወረቀቱን አገላብጦ አየና «እንግዲህ ተግብረው» አለኝ። ሰው «አልገባኝም» ለማለት የሚመች ጊዜ አለው። የእኔ ጊዜ በዚያች ደቂቃ አለፈ። «እሺ» ብዬ ወጣሁ።

ቅዳሜ ዕለት የሥልጠና ደብተሬን ገልጬ፣ ቤተልሔም ሰሌዳ ላይ የጻፈችውን መስመር በመስመር እየገለበጥኩ፣ የኮሌጁን ኔትዎርክ ሦስት ቦታ ከፈልኩት። ሒሳብ ለብቻው፣ ተማሪዎች ለብቻቸው፣ መዝገብ ቤት ለብቻው። ከዚያ እንጅባራ ያሉትን ኮምፒውተሮች አንድ ሳላስቀር ሞከርኳቸው። ሁሉም ሠሩ። እኔን ያየ ሰው ኢንተርኔትን የፈጠርኩት ይመስለው ነበር፤ ራሴን ክትፎ ጋብዤ ቤቴ ገባሁ።

ሰኞ ጠዋት ስልኬ ጠራ። የዳንግላው ቅርንጫፍ መዝገብ ቤት ኃላፊ እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው፤ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት የቀራቸው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሴት።

«ልጄ፣ የተማሪ ማስረጃ አልከፈት አለኝ። አንዲት ልጅም ከጫግኒ ድረስ መጥታ እየጠበቀች ነው።»

«ሽቦ ይሆናል እትዬ፤ መጣሁ» አልኳቸው።

ሳላይ፣ ሳልጠይቅ፣ ሽቦ ይሆናል። ምክንያቴ ለእኔ ግልጽ ነበር። እንጅባራ ይሠራል፣ ዳንግላ አይሠራም፤ ስለዚህ ጥፋቱ የዳንግላ ነው። አንድ ጥቅል ሽቦ ትከሻዬ ላይ አንጠልጥዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ዳንግላ ስደርስ ከመናኸሪያው በጋሪ ተጫንኩ። ባለጋሪው ጥቅሉን ዞር እያለ ያየዋል።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ኔትዎርክ ነው።»

«ኔትዎርክማ በስልክ አይደል እንዴ የሚመጣ? አንተ በጋሪ ታመጣዋለህ?»

የሙያ ጉዳይ ነው በሚል ፊት ጥቅሉን ወደ ሌላው ትከሻዬ አዛወርኩት።

ከጫግኒ የመጣችው ልጅ ሐዋ ትባላለች። የኮሌጃችን ምሩቅ ናት፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አባቷን በእህል ንግዱ እያገዘች ሥራ ስትፈልግ ቆይታለች። አሁን ዳንግላ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት የመረጃ ሠራተኛ ሊቀጥር ማስታወቂያ አውጥቷል፤ ምዝገባው የሚዘጋው በዚያው ቀን አሥር ሰዓት ላይ ነው። የጎደላት ማኅተም ያለበት የትምህርት ውጤቷ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ለዳንግላ ተማሪ ከእትዬ ጥሩወርቅ ፊርማና ማኅተም ውጭ ከየትም አይወጣም።

«መምህር፣ ይደርስልኝ ይሆን?» አለችኝ። ኮሌጅ ውስጥ ጥበቃው ሳይቀር መምህር ስለሚባል ልብ አላልኩትም።

«ግማሽ ሰዓት አይፈጅም» አልኳት።

አራት ሰዓት ነበር። አምስት ሰዓት ላይ ከኮምፒውተሩ እስከ ግድግዳው ያለውን ሽቦ ቀይሬ ጨርሻለሁ። ስድስት ሰዓት ላይ የቀየርኩትን እንደገና ቀየርኩ። ሰባት ሰዓት ላይ፣ መሬት ላይ የሚነቀል ነገር ሲጠፋ፣ መሰላል አቁሜ ኮርኒስ ውስጥ ገባሁ።

ኮርኒስ ውስጥ ገብታችሁ የምታውቁ ሰዎች ሕጉን ታውቁታላችሁ፤ የሚረገጠው እንጨቱ ነው እንጂ ቺፑዱ አይደለም። እኔም አውቀዋለሁ። ነገር ግን በአንድ እጄ የስልኬን መብራት፣ በጥርሴ ደግሞ ሽቦውን ይዤ ስሳብ፣ አንድ ጊዜ ሳትኩ። ቀኝ እግሬ ከእኔ ቀድሞ መዝገብ ቤት ገባ። እስከ ጉልበቱ።

ከታች የእትዬ ጥሩወርቅ ድምፅ መጣ።

«ልጄ፣ ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ እትዬ።»

«ጫማህ ማኅተሜ ላይ ወድቋል።»

ስወርድ ከፀጉሬ እስከ ካልሲዬ አቧራ ለብሼ ነበር። ሐዋ ፋይሏን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እንደተቀመጠች ናት። የግድግዳውን ሰዓት ሰረቅ አድርጋ ታይና፣ እኔ ያየኋት ሲመስላት ዓይኗን ወደ መስኮቱ ትመልሳለች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ይህች ልጅ ሁለት ዓመት የጠበቀችውን ሥራ በእኔ ምክንያት ልታጣ ነው።

እትዬ ጥሩወርቅ ጫማዬን መለሱልኝና ወንበር አስጠጉልኝ።

«ሽቦው ደህና ነው?»

«ሁለት ጊዜ ቀይሬዋለሁ።»

«የእኔ ኮምፒውተርስ?»

«ምንም አልሆነም።»

«ዓርብ ዕለት ይሠራ ነበር።»

«አዎ።»

«ከዓርብ ወዲህ የተነካ ነገር ምንድን ነው?»

«ሶፍትዌሩ ነው... እንጅባራ ያለው።»

«እሱን ማን ነካው?»

ከሱሪዬ ላይ አቧራ ማራገፍ ጀመርኩ። «እኔ» አልኩ በመጨረሻ።

«እንግዲህ እኔ ኮምፒውተር አላውቅም» አሉና መነጽራቸውን በነጠላቸው ጫፍ መጥረግ ጀመሩ።

ወደ በረንዳው ወጥቼ ቤተልሔም ጋ ደወልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ስልክ የለም። ማንነቴን ነገርኳትና ሳላስበው እውነቱ አመለጠኝ።

«ያስተማርሽን ነገር... አልገባኝም ነበር።»

«የትኛው ክፍል?»

«ከሰኞ እስከ ዓርብ ያለው።»

የሳቀች መሰለኝ፤ ግን ድምፅዋ ደህና ነበር። «መጀመሪያ ሽቦ መንካት አቁም» አለችኝ። ስለ ኮርኒሱ አልነገርኳትም። «አሁን መቆጣጠሪያውን ክፈት። መዝገብ ቤት ብለህ በለየኸው ኔትዎርክ ላይ እነማን ይግቡ ብለህ ጻፍክ?»

ላፕቶፔን ከፍቼ፣ እዚያው ዳንግላ ሆኜ በኢንተርኔት የእንጅባራው መቆጣጠሪያ ውስጥ ገባሁ። «የእንጅባራ ኮምፒውተሮች» ይላል። በእጄ የጻፍኩት ነው።

«ዳንግላስ?» አለችኝ።

ዳንግላ የለችም። እትዬ ጥሩወርቅን ከነመዝገብ ቤታቸው ቅዳሜ ዕለት በገዛ እጄ ውጭ ዘግቼባቸዋለሁ፤ ከዚያም ሄጄ ክትፎ በልቻለሁ።

«ዳንግላን የቆረጥካት በትእዛዝ ነው» አለች ቤተልሔም። «ሽቦውን በወርቅ ብትቀይረው አንድ ፊደል አያልፍም። አሁን አንድ መስመር ጨምር፤ ዳንግላም ይግባ በል። ገባህ?»

«ቆይ» አልኳት። «አንዴ ልድገመው።» ደገምኩላት። አንድ ቦታ ተሳሳትኩ፤ አረመችኝ። ከዚያ መስመሯን ጻፍኩ። ከማስነጠስ ያነሰ ጊዜ ፈጀች።

«ተከፈተ» የሚል ድምፅ ከውስጥ ሰማሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። እትዬ ጥሩወርቅ አትመው፣ ፈርመው፣ ማኅተሙን ከጫማዬ አፈር አራግፈው መቱበት። ሐዋ ወረቀቱን ይዛ ወጣች።

እኔ የኮርኒሱን ቀዳዳ በካርቶን እየደፈንኩ ሳለ ተመልሳ መጣች። ተመዝግባለች፤ ምዝገባው ሊዘጋ ሩብ ሰዓት ሲቀረው እንደደረሰች ነገረችን። አመስግና ትሄዳለች ስል የውጤቷን ኮፒ አውጥታ መሰላሉ ሥር ቆመች።

«መምህር፣ አላወቁኝም አይደል?»

አላወቅኳትም።

«እዚሁ ዳንግላ የቅዳሜና እሑድ ክፍል ነበርኩ። ኮምፒውተር ኔትዎርክ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ይቺን ሲ የሰጡኝም እርስዎ ነዎት።»

ጣቷን ያሳረፈችበትን አየሁ። ሌላው ኤና ቢ ነው፤ ሲው አንድ ብቻ ነው።

«ቢ ያመለጠኝ በአንድ ጥያቄ ነው» አለች። «ኔትዎርክ ሥራ ሲያቆም በመጀመሪያ የሚፈተሸው ምንድን ነው የሚል ነበር። እኔ መጨረሻ ላይ የተቀየረው ነገር ብዬ ጻፍኩ። እርስዎ በቀይ ሰርዘው፣ ከላዩ ላይ ሽቦ ብለው አረሙኝ።»

እትዬ ጥሩወርቅ በድንገት የሚፈርሙት ወረቀት በዛባቸው። እኔ ከመሰላሉ ወረድኩ፤ ከፍ ብሎ መቆሙ አሳፈረኝ።

«ያቺ ሲ ለእኔ ነበር የምትገባው» አልኳት።

ሐዋ ቀና ብላ ካርቶኑን አየችው፤ ከዚያ እኔን፤ ከዚያ ወረቀቷን አጣጥፋ ፋይሏ ውስጥ ከተተችው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና መምህር፣ ለእርስዎ ትንሽ ትበዛለች።»