አልጋ አዘዋዋሪው አቶ ገሠሠ

በሽተኛ ባለበት ተኝቶ ማየት የማይችል ሰው የሌለበት ከተማ የለም። የአዳማው አቶ ገሠሠ ናቸው፤ በሥራቸው የባቡር ጣቢያው ዕቃ ቤት ሹም፣ በፈቃዳቸው ደግሞ ከጣቢያው ጀርባ ያለችው ባለ ስድስት አልጋ ሆስፒታል የአልጋ አዛዥ። የሾማቸው የለም። ጠዋት ጠዋት በሽተኛ ሊጠይቁ ይገባሉ፣ በከዘራቸው ወለሉን መታ መታ ያደርጋሉ፣ «እዚህስ አይሆንም፤ አንሡት!» ይላሉ። በቃ፣ ይነሣል።

በር አጠገብ ያለው አልጋ ንፋስ አለበት። መስኮት ሥር ያለው የሰው ዓይን ያርፍበታል። መካከለኛው ላይ ደግሞ ባለፈው ሰው ሞቶበታል። ወይዘሮ ሽታዬ ወባ ይዟቸው በገቡ ጊዜ በአንድ ቀን ሦስት ቦታ አዘዋወሯቸው። «ገሠሠ ልጄ፣ እንዲህ ከሆነማ መልአከ ሞት የት አግኝቶኝ!» አሉ አሮጊቷ። እሳቸውስ ዳኑ፤ ከዚያ ወዲያ ግን አቶ ገሠሠን የሚችላቸው ጠፋ።

አስታማሚው አለማየሁ ይስቅ ነበር። አባቱ ሲሞት ያሳደጉት፣ ፈረንጁ ሐኪም ዘንድ ወስደው ያስቀጠሩት እሳቸው ናቸውና ከመሳቅ በቀር አፍ አልነበረውም።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ላይ፣ ጭነት አራጋፊው መርዳሳ ከፉርጎ ላይ ወድቆ ጭንቅላቱ ከሐዲዱ ጋር ተጋጨ። ሐኪሙ በር አጠገብ አስተኝቶ ራሱን ግራና ቀኝ በአሸዋ ከረጢት ደገፈው። «ውስጡ ሳይደማ አይቀርም። ከሞጆ እስክመለስ ማንም እንዳይነቀንቀው» ብሎ አለማየሁን አስጠንቅቆ ባቡር ተሳፈረ።

ባቡሩ ከዓይን ሳይሰወር አቶ ገሠሠ ጎረምሶች አስከትለው ገቡ። የመርዳሳ ሚስት ቡዜ እግራቸው ላይ ወደቀች።

«ኦቦ ገሠሠ፣ እባክዎ፣ ከዚህ ንፋስ ያውጡልኝ!»

«ጋሼ፣ ሐኪሙ አይነካ ብለዋል» አለ አለማየሁ። ድምፁ ለራሱም በቅጡ አልተሰማውም።

«የሐኪሙ አገር ንፋስ ሌላ፣ የእኛ ሌላ። አንሡት!»

አለማየሁ በሩ ላይ መቆም ነበረበት፤ ያም ቢቀር መጮህ። እሱ ግን የጎረምሶቹ አያያዝ ቢያስፈራው የአልጋውን አንድ እግር ራሱ ያዘ። ወደ ውስጠኛው ክፍል ሲሻገሩ ከፊት ያለው ጎረምሳ በበሩ ደፍ ተደናቀፈ፣ አልጋው አጋደለ፤ የመርዳሳ ራስ ከከረጢቶቹ መሐል ወጥቶ ተንጠለጠለ። ወዲያው አስመለሰው። የአንድ ዓይኑ ብሌን ሰፍቶ ቀረ። ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ሲመለስ ቡዜ ፊቷን ትነጭ ነበር።

ባይነሣስ ይድን ነበር? ሐኪሙ «አላውቅም» አለ። አለማየሁን የጎዳው ይህ አላውቅም ነው፤ ቁርጡን ቢነግሩት ይሻለው ነበር። አቶ ገሠሠም ከዚያ ወዲህ ሆስፒታሉን በሩቁ ዞረው ያልፉ ጀመር።

ግንቦት ላይ አለማየሁ ራሱ በወባ ወድቆ እዚያው ሆስፒታል ተኛ። የቆላው ፀሐይ በመስኮቱ ገብቶ ፊቱን ሲጠብሰው ዓይኑን ቢገልጥ አቶ ገሠሠ ቆመዋል። አልጋውን አዩ፣ ፀሐዩን አዩ። ጋቢያቸውን አውልቀው፣ በሁለት እጃቸው መስኮቱ ላይ ዘርግተው ጥላ ሆኑለት። ብዙ ቆዩ። ክንዳቸው ዛለ፤ አላወረዱትም። አለማየሁ እኚህን ሰው ምን ያህል እንደሚወድ ያን ጊዜ አወቀ።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ እንጂ። ያን ዕለት ጥፋቱ የእኔም ነው።»

«እንድትፈራኝ አድርጌ አሳድጌህ» አሉ ፊታቸውን ሳይመልሱ። «ምነው ልጄ፣ ያን ዕለት በጮኽህብኝ!»