ለከሰል ቆፋሪው የኅሊና ጸሎት

(ከክፍሉ ደጅ። ሁለት ተማሪዎች አንድ መጽሐፍ ይጓተታሉ። አንደኛው ሁሉን አውቃለሁ ባዩ ሊቁ ነው። ሁለተኛው ፈዜ ነው፤ አንዲት ገጽ ግማሽ ቀን የምትፈጅበት ምስኪን። መጽሐፉ አንድ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ራሱ የጻፈው የሕይወት ታሪኩ ነው፤ ዛሬ ለክፍሉ ያቀርቡታል። ፈዜ በዚህ ከወደቀ ክፍል ይደግማል፤ ያውም ከታናሽ እህቱ ጋር።)

ሊቁ፦ ሞቷል አልኩህ እኮ! ጉድጓዱ ተደርምሶበት ሞቷል፤ አለቀ፣ ደቀቀ!

ፈዜ፦ ምዕራፍ ሦስት ላይ ተደረመሰበት፣ እሺ። ምዕራፍ አራት ላይ ግን ቁርስ ይበላል።

ሊቁ፦ (በሐዘን ራሱን እየነቀነቀ) ሟች ሲናፈቅ እንዲህ ነው የሚጻፈው። ትዝታ ይባላል።

ፈዜ፦ ሻዩ አቃጠለው ይላል እኮ።

ሊቁ፦ ትዝታ ያቃጥላላ!

ፈዜ፦ ምዕራፍ ሰባት ላይ ማግባቱስ?

ሊቁ፦ በመንፈስ ነው።

ፈዜ፦ መንታ ወለዱ።

ሊቁ፦ (ትንሽ ያስባል) ሚስቲቱ ጠንካራ ናት። መጽሐፉ ስለ ጽናት አይደል እንዴ?

ፈዜ፦ አንተ ግን እስከ የት አነበብክ?

ሊቁ፦ እስከሚበቃኝ።

ፈዜ፦ ከሞተ ታዲያ መጽሐፉን ማን ጻፈው?

ሊቁ፦ አንተን የሚጥልህ ይሄ ጥያቄ ማብዛትህ ነው! እኔ እናገራለሁ፣ አንተ ታለቅሳለህ። በቃ።

ፈዜ፦ እንባዬ እምቢ ቢልስ?

ሊቁ፦ ታናሽ እህትህ አጠገብህ ተቀምጣ፣ «ወንድምጋሼ፣ ተሳስተሃል» ስትልህ አስብ።

(የፈዜ ዓይን ወዲያው እንባ ያቀርራል። ይገባሉ። ሊቁ ድምፁን አወፍሮ ከፊት ይቆማል።)

ሊቁ፦ መምህርት፣ ወንድሞችና እህቶች! ይህ ጀግና እንደ ወጣ ቀረ! ለኅሊና ጸሎት እንነሣ!

(ክፍሉ ግር ብሎ ይነሣል። መምህርቷም መነጽሯን አውልቃ ታቀረቅራለች። ፈዜ ብቻ ቁጭ ብሏል።)

መምህርት፦ (በለሆሳስ) ተነሥ እንጂ! ለሞተ ሰው እንኳ አታዝንም?

ፈዜ፦ መምህርት፣ ሰውየው አልሞተም። ጓደኞቹ ቀን ከሌት በእጃቸው ቆፍረው አወጡት። በማግስቱ ቁርስ ሲቀርብለት ተስገብግቦ ትኩሱን ሻይ እላዩ ላይ ደፋው። እኔ ትናንት እዚያ ጋ ስደርስ ደስ ብሎኝ አልቅሻለሁ። ዛሬ ሞተ ብዬ ማልቀስ አቃተኝ።

(መምህርቷ የራሷን መጽሐፍ ትገልጣለች። ከምዕራፍ ሦስት በኋላ ያሉት ገጾች ገና ከማተሚያ ቤት እንደ ወጡ ተጣብቀዋል። ቀስ ብላ ትከድነዋለች።)

መምህርት፦ (ጉሮሮዋን እየጠረገች) እ... እኔ እንኳ ማን እንዳነበበ ላጣራ ብዬ ነው። ፈዜ አልፈሃል። ሌሎቻችን... ሌሎቻችሁ ነገ አንብባችሁ ኑ።

(ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። ፈዜ ፊቱ ሁሉ ጥርስ ሆኗል። ሊቁ አጠገቡ ሹልክ ብሎ ይቀመጣል።)

ሊቁ፦ (በሹክሹክታ) በናትህ ወንድሜ፣ መጨረሻውን በአጭሩ ንገረኝ።

ፈዜ፦ አልነግርህም። እሱን ጓደኞቹ አወጡት፤ አንተ ግን ራስህ ቆፍረህ ውጣ።