ጀፎሯችንን የሰጠን ሹም

የራሳችሁን ንብረት መልሶ ለራሳችሁ እየሰጠ ምስጋና የሚጠብቅ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን በጣሊያን ጊዜ ቡታጅራ አጠገብ ገጥሞኛል። ደግሞ ተራ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ የጣሊያን ሹም ነበር።

አንድ ቀን በጡሩምባ ጠርቶ ጀፎሯችን ላይ ሰበሰበን። ጀፎሮ የምንለው በሁለት ረድፍ ቤቶቻችን መካከል የተዘረጋውን ሰፊ መስክ ነው፤ የምንዳኝበት፣ የምንድርበት፣ የምናለቅስበት፣ ከቅድመ አያቶቻችን የወረስነው የጋራ መሬት። ሹሙ ካሚዮን ላይ ወጥቶ ረጅም ንግግር አደረገ። አስተርጓሚው ላቡን እየጠረገ አሳጠረልን።

«መንግሥት ለሕዝቡ አስቦ፣ ከዛሬ ጀምሮ ይህን ሜዳ ሰጥቷችኋል። ዳር ዳሩን ብቻ ለካሚዮኖቹ ማቆሚያ ያስቀራል።»

ካሚዮኑ ግን የቆመው መሐል ሣሩ ላይ ነበር። ዳሩ የት እንደሆነ ገና አልተነገረውም መሰለኝ።

እንዲህ ላለ ቸርነት ምን ይባላል? በመጨረሻ ሽማግሌያችን አባ ብርጋ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡና ወደ አስተርጓሚው ዞሩ።

«የኔ ልጅ፣ እንዲህ በልልኝ። የኛ አገር ሰው፣ ስጦታ ያመጣለትን እንግዳ ባዶ እጁን አይሸኝም። እኛም ሮምን ሰጥተነዋል።»

የአስተርጓሚው ፊት ዐመድ መሰለ። ጉሮሮውን ጠራርጎ ምን ብሎ እንደነገረው አላውቅም፤ ሹሙ ግን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ነሣን።

አንድ ነገር አልክድም፤ ሰውየው የሰጡትን አይንቅም። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ወደ ሰጠነው ሄደ። እኛም እሱ በሰጠን ሜዳ ላይ ይኸው ተቀምጠናል።