ዶክተር ክንዱ ከአሥራ አንደኛ ሐ

በየትኛውም ትምህርት ቤት፣ ሌላው ገና ጫማውን ሲያስር ደርሶ የሚመለስ አንድ ተማሪ አይጠፋም። እግዜር ለእኛ ለባሕር ዳሮቹ ግን ሳይሰስት ክቡር ዶክተር ክንዱን ሰጠን። በዶክተርነት የሾምናቸው እኛው የክፍል ጓደኞቻቸው ነን።

ዘመኑ ደርግ ነው። ክቡርነታቸው ቀን በካኪ ዩኒፎርም ከእኛ ጋር ይማራሉ፤ አመሻሽ ላይ ደግሞ ኮሌጅ ገብተው፣ ጢም ካበቀሉ ሰዎች መሀል ካልኩለስ ይከታተላሉ። የኮሌጁ መምህር አንዳርጋቸው የፈቀዱላቸው፣ "ፈተናውን ካለፈ ይቀጥላል፤ ከወደቀ ከእንግዲህ የሃይስኩል ተማሪ ክፍሌን አይረግጥም" ብለው ነው።

ይህ ሁሉ እኛን ባልነካን። ችግሩ አባታቸው ነበሩ፤ መሪጌታ ወልደ ገብርኤል፣ ጣና ዳር ካለ ደብር የዜማ መምህር። በዜማ ቤት ሥርዓት ቀድሞ የተማረ ከኋላው ያለውን በቃል እያስደገመ ያስቀጽላል። "ያላስቀጸለ ተምሬያለሁ አይበል!" ይላሉ። ስለዚህ ዶክተር ክንዱ ማታ የተማሩትን በማግስቱ ለእኛ ያስቀጽሉን ጀመር። እምቢ ያለ የቤት ሥራ አይቀዳም። ሐይቁ ዳር ተሰልፈን፣ እየተወዛወዝን፣ በዜማ፣

"ሳይን!" ሲሉን "ኮሳይን!"

"ኮሳይን!" ሲሉን "ማይነስ ሳይን!"

ታንኳ ቀዛፊዎቹ አዲስ መዝሙር የመጣ መስሏቸው ያማትቡ ነበር። አንድ ቀን የክፍላችን ልጅ አገርነሽ "ኧረ ክንዱ፣ ምን ማለት ነው?" ብትላቸው፣ "ትርጓሜው ኋላ ይመጣል፤ ይኼ እኮ ገና መቅድሙ ነው!" አሏት። ለሁሉም ነገር መልሳቸው ይኸው ነው። ጢስ ዓባይ ወስደን ፏፏቴውን ብናሳያቸው፣ ቆም ብለው አዩና "ገና መቅድሙ ነው" አሉ። ውኃው ከዚያ በላይ ምን ያድርግ?

የፈተናው ቀን ቅዳሜ ዋለ። እኛም ለጽዳት ዘመቻ የኮሌጁን ሣር ልናጭድ ተልከን እዚያው ነበርን። ክቡርነታቸው ያለ ዜማ ምንም አይታወሳቸውም። ማንጎራጎር ሲጀምሩ መምህሩ "ሰው ትረብሻለህ፣ ውጭ ሆነህ ሥራ" ብለው ሣሩ ላይ አስቀመጧቸው።

"ሳይን!" አሉ ለራሳቸው።

"ኮሳይን!" አልን፣ ማጭዳችንን እንደያዝን፣ ክፍላችን በሙሉ። ልማድ ነው እንጂ ተንኮል አልነበረም።

መምህር አንዳርጋቸው ሮጠው መጥተው ወረቀቱን ነጠቁ። "እነዚህ ደግሞ እነማን ናቸው?"

"ያስቀጸልኋቸው ናቸው፣ የኔታ" አለ ክንዱ። ዶክተርነቱ በድንጋጤ ጠፍቶ ነበር።

መምህሩ ሳቃቸውን ዋጡት። "እንግዲያው በቃል እጠይቅሃለሁ። እናንተ ትንፍሽ ብትሉ ወድቋል!"

እየተወዛወዘ ሁሉንም መለሰ። "ኮሳይንስ?" ሲሉት ግን ቀጥ አለ። እግዚኦ! ሁላችንም እናውቃታለን እኮ! አገርነሽ እጅጌዋን ነከሰች። እኔ አፌን በሣር ሞላሁ። ክንዱ ዓይኑን ጨፈነ፣ አንዴ ተወዛወዘ፣

"ማይነስ ሳይን!"

መምህሩ "አልፏል!" ሲሉ እልልታችን ፋሲሎ ሰፈር ድረስ ተሰማ። ትከሻችን ላይ አድርገን ስናዞረው፣ ከላይ ሆኖ "አውርዱኝ እንጂ፣ ይኼ ገና መቅድሙ ነው!" ይለናል።

ትርጓሜው ለእኔ እስከ ዛሬ አልመጣም። ሰኞ ዕለት ግን ክንዱ ሐይቁ ዳር ሲደርስ፣ የሚቀዳ የቤት ሥራ እንኳን ሳይኖር፣ ሁላችንም ቀድመነው ተሰልፈን ነበር።