ብረት የሞላው ምሰሶ

ወርቅ መፈለጊያ ማሽን የገዛ ወዳጅ አላችሁ? እኔ አለኝ፤ ጌትነት ይባላል። ማሽኑን ከገዛ ወዲህ ዓይኑ ከመሬት ተነሥቶ አያውቅም፤ ሰላም ሲለን እንኳ ጫማችንን እያየ ነው።

የሩዝ አጨዳው ካለቀ በኋላ እሱ፣ ጓደኛችን ዘውዱና እኔ ከወረታ ወጣ ብሎ ካለ ኮረብታ ሥር ድንኳን ተከልን። ኮረብታው ውስጥ የጥንት ሰዎች ብረት ያወጡበት ዋሻ አለ። ጧት ባትሪ ይዘን ገባን። ግድግዳው ሁሉ የዶማ ጠባሳ ነው። መካከል ላይ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ የቆመ አለት ጋ ስንደርስ ማሽኑ እሪ አለ።

«አገኘሁት!» አለና ጌትነት ዶማውን አነሣ።

ዘውዱ እጁን ያዘው። «ቆይ እስቲ፣ ወደ ላይ እይ!»

ጌትነት ቀና አለ። ያ ሁሉ ጣሪያ ያረፈው በዚያ አንድ አለት ላይ ነበር። የጥንቶቹ ሰዎች ዙሪያውን ቆፍረው ሲጨርሱ፣ ብረት የሞላውን እሱን ግን ኮረብታውን ተሸክሞ እንዲቆም ትተውታል። ለብረት እንዲያ የደከመ ሰው ይህን ሳይነካ መተው እንዴት ቻለ?

ጌትነት ማሽኑን አጠፋ፤ ዶማውን ቀስ ብሎ አስቀመጠና መዳፉን አለቱ ላይ አሳረፈ።

«እግዜር ይስጣችሁ፣ አባቶቼ» አለ፣ ሰዎቹ ገና አሁን ከዋሻው የወጡ ይመስል።