የኔታ ያልዘለሏት መስመር

ገምጋሚ ይመጣል ሲባል የማይታመም ጤና ጣቢያ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። የኛው የወረታው ባለፈው ክረምት ሳምንት ሙሉ ትኩሳት ይዞት ሰነበተ። ግድግዳው ኖራ ተቀባ፣ አግዳሚ ወንበሩ ታጠበ፣ ዓመት ሙሉ ቀጥ ብሎ የቆመው የግድግዳ ሰዓት ሳይቀር መቁጠር ጀመረ።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። የደም ግፊት ክትትሉ የጥራት መስፈርቱን ካላሟላ እኛ ታካሚዎቹ ወደ ደብረ ታቦር እንዛወራለን ተብሏል። እኔ ጡረተኛ መምህር ነኝ፤ እንደ ምንም መኪና ተጋፍቼ እደርሳለሁ። ከቁሐር ሚካኤል፣ ውሃ የተኛበትን የሩዝ ማሳ በዱላ እየለኩ የሚመጡት የኔታ ጥበቡስ? ሰማንያ ሊሞላቸው ምን ቀራቸው?

መስፈርቱ ታካሚው ስለ ሕመሙ ማወቅ አለበት ይላል። ስለዚህ ነርሳችን ሲስተር ብርቱካን መልሱን ሁሉ አንድ ገጽ ላይ ጽፋ፣ ዓይናቸው ለደከመው ለየኔታ እንዳነብላቸው ሰጠችኝ። እኔም እንደለመደብኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!

የኔታ እኮ በቃል ትምህርት ያረጁ፣ አንዲት ቃል የዘለለን ተማሪ ከሥሩ የሚያስጀምሩ ሰው ናቸው። ሁለቴ አስደገሙኝና በቃ ይዤዋለሁ አሉ።

ቀኑ ደረሰ። የገምጋሚዎቹ መሪ፣ አንዲት ረጋ ያለች ወይዘሮ፣ የኔታ ስለ ግፊትዎ ምን ያውቃሉ ብላ ጠየቀቻቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጨው መቀነሱን፣ በእግር መሄዱን፣ ክኒን አለማቋረጡን በዜማ አንበለበሉት። ገምጋሚዎቹ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ሲስተር በኩራት ፈካች። እኔ ግን ከክኒኑ ቀጥሎ፣ ለእኔ ብቻ ተብላ የተጻፈች አንዲት መስመር እንዳለች ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ሳልኩ፣ ወንበር ጎተትኩ፣ ምን ያልሆንኩት አለ? የኔታን ከቃላቸው የሚያስቆም ሳል ገና አልተፈጠረም። “ማሳሰቢያ፤ ክኒኑ ሁለት ወር ጠፍቶ እንደነበር ለገምጋሚዎች እንዳይነገር” ብለው ዘጉ።

መሪዋ ታዲያ እርስዎ ለምን ለእኛ ነገሩን ብትላቸው የኔታ ተቆጡ፤ ቃል ጎርዶ ማስቀረት ነውር ነው አሏት።

ውጤቱ መጣ። የታካሚ ዕውቀት፣ ሙሉ ነጥብ። የመድኃኒት አቅርቦት፣ ዜሮ። የብቃት ማረጋገጫው ለሌላ ጊዜ ተላለፈ፤ ክትትሉ ግን ጉድለቱን እያረመ እዚሁ ወረታ ይቀጥል ተባለ፤ ክኒኑም በሳምንቱ በካርቶን ገባ። ሲስተር እስከ ዛሬ አኩርፋኛለች። ሁለት ወር በነጭ ሽንኩርት የከረምኩት እኔም በየጠዋቱ ክኒኔን እየዋጥኩ አምርሬ እጸጸታለሁ።